ክዳኑን ያላነሳሁበት ጉድጓድ

ጡረታ በወጣሁ በሳምንቱ ባለቤቴ ከሣጥን ሥር ያስቀመጥኩትን አሮጌ ካኪ ኮት ለተቸገረ ሰው ልትሰጥ አወጣችው። ኪሱን ስትፈትሽ በጋዜጣ ቁራጭ የተጠቀለለ ግማሽ ጧፍ እጇ ገባ።

«ጉድ ፈላ!» አለች። «አንተ ለዓመት በዓል ካልሆነ ቤተ ክርስቲያን የማትስም ሰው፣ ጧፍ በኪስህ ይዘህ መዞር የጀመርከው መቼ ነው?»

«የሥራ ዕቃ ነው» አልኳት።

አላመነችኝም። አልፈርድባትም፤ ኮቱም ጧፉም ከእሷ በፊት የነበሩ ናቸው። የተጋባነው ነገሩ ካለፈ ከዓመታት በኋላ ነው፤ እኔም አንስቼላት አላውቅም። ያን ቀን ግን ቁጭ አድርጌ ነገርኳት። ለእሷ ከነገርኩ አይቀር ደግሞ ልጻፈው ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ሥራዬ የንጽሕና ተቆጣጣሪነት ነበር። በአጭሩ ሲነገር የሰው ጓሮ መፈተሽ ማለት ነው። ምንጭ ይታጠር፣ በረት ከመኖሪያ ቤት ይለይ፣ ጠላ ሻጭ ዋንጫዋን በፈላ ውሃ ትጠብ፣ ሥጋ ሻጭ ሥጋውን ከዝንብ ይሸፍን፣ እያንዳንዱ አባወራ በጓሮው ስድስት ክንድ የጠለቀ መጸዳጃ ጉድጓድ ቆፍሮ ክዳን ያብጅለት የሚል ደንብ በሁለት ገጽ ተባዝቶ ከአውራጃ ይላካል። እኛ በእግራችን ከቤት ቤት እናደርሰዋለን። ሐኪም የታመመ አድኖ ዶሮና ማር ይመጣለታል። እኔ ሰው እንዳይታመም ነበር የምደክመው፤ ያልታመመ ሰው ደግሞ ማንን ብሎ ያመሰግናል? ያተረፍኩት «የሽንት ቤት ሐኪም» የሚል ስም ነው። ደመወዙን አላነሳውም፤ ጫማ የምጨርሰው ከደመወዙ ቀድሜ ነበር።

መጀመሪያ የተመደብኩት እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ላይ ነው። አለቃዬ አቶ ተድላ ይባላሉ። በጎልማሳነታቸው የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ የነበሩ፣ ኋላ ጤና ጣቢያ ገብተው ሥራውን በልምድ የተማሩ፣ ጠጉራቸው የሸበተ ሰው ናቸው። እኔ ጎንደር ተምሬ የምስክር ወረቀት ይዤ የመጣሁ ስለሆንኩ ከእሳቸው የምማረው ያለ አይመስለኝም ነበር። ወጣትነት የማያደርገው የለም።

አቶ ተድላ ከሰው ደጅ ሲደርሱ «ቤቶች!» ብለው ጀርባቸውን ለቤቱ ሰጥተው ይቆማሉ። እመቤቲቱ ነጠላዋን እስክታስተካክል፣ የተዝረከረከ ነገር ካለ እስክታነሳ ድረስ ነው። ከገቡም በኋላ ስለ ደንብ አያነሱም። ከብቱ ደህና ነው ወይ፣ ዘንድሮ ገብሱ እንዴት ያዘ፣ ምራት የመጣችው ከየትኛው አገር ነው፣ ይላሉ። እኔ ሰዓቴን አያለሁ። ግማሽ ቀን በሁለት ቤት ያልቃል። አንድ ቀን ምርር ብሎኝ «ጋሽ ተድላ፣ የመጣነው ለጉድጓድ ነው ወይስ ለዘመድ ጥየቃ?» ብላቸው «ጉድጓዱን የሚጠቀምበት ሰው አይደለም እንዴ?» ብለው መለሱልኝ።

ጉድጓዱ ዘንድ ሲደርሱ ግን ጨዋታ የለም። ባርኔጣቸውን አውልቀው ይንበረከኩና ክዳኑን በገዛ እጃቸው ያነሳሉ። ከባርኔጣቸው ጥብጣብ ሥር ቁራጭ ጧፍ አውጥተው፣ ለኩሰው፣ በሲባጎ አስረው ቀስ እያሉ ወደ ታች ይለቁታል። ነበልባሉን ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ያያሉ። እስከ ታች ከበራ ደህና። ከደከመ ወይም ከጠፋ ማንም ድርሽ እንዳይል ያዛሉ። ቆፋሪ ሳሉ አብሯቸው የሚሠራ ጓደኛቸው ተዘግቶ የከረመ ጉድጓድ ውስጥ እንደ ወረደ ቀርቷል። «እሳት መኖር የማይችልበት ቦታ ሰው አይኖርም» ይሉ ነበር።

«ለውሃ ጉድጓድስ ይሁን፤ ለሽንት ቤት ጉድጓድ ጧፍ ምን ይሠራል?» አልኳቸው።

«ጉድጓድ መቼ ስሙን ያውቃል?» አሉኝ። «አንተ ብቻ ክዳን ሳታነሳ አትፈርም።»

ይህን ምክር ሰምቼ፣ ራሴን ነቅንቄ፣ ረሳሁት።

በሁለተኛው ዓመት ብቻዬን ወደ ስማዳ፣ ወገዳ ተዛወርኩ። የዚያ ጤና ጣቢያ አለቃ ጎበዝና ችኩል ሰው ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ከአውራጃ ተቆጣጣሪ እንደሚመጣ ሰምቶ ከከተማው የግማሽ ሰዓት መንገድ ያለችውን አንዲት የገበሬ መንደር «አርአያ መንደር» እናድርጋት አለ። የእኔም የቋሚነት ደብዳቤ የተንጠለጠለው በዚያች መንደር ላይ ነበር። ጥር ላይ፣ ውቂያው እንዳለቀ፣ ገበሬውን ሰብስቤ ደንቡን አነበብኩ። የወረዳው ገዥም ባልቆፈረ ላይ መቀጮ አስታወቁ። ገበሬው «እሺ» አለ። የዚያ አገር ሰው እሺ ሲል እሺ ማለቱ ይሁን ዝም በል ማለቱ በፊቱ አይታወቅም። ቆፈረ ግን።

መጋቢት ላይ ለቁጥጥር ወጣሁ። ሠላሳ የሚያህል ቤት ባንድ ቀን ጨረስኩ፤ በዚህም ኮርቼ ነበር። የአፈር ቁልሉን አያለሁ፣ ክዳኑን አያለሁ፣ እጽፋለሁ፣ አልፋለሁ። አንድም ክዳን አላነሳሁም። እጄን ማቆሸሹን ጠልቼ ነው ብል ያምርልኝ ነበር፤ እውነቱ ግን ሽታውን ፈርቼ ነው።

አያ ፈንቴ የሚባሉ ገበሬ ቤት ስደርስ ከሁሉ የተሻለ ጉድጓድ አገኘሁ። ከፍ ያለ ቦታ ላይ የተቆፈረ፣ ጎርፍ እንዳይገባበት ዙሪያው በድንጋይ የተካበ፣ ክዳኑ ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ጠርዙ በጭቃና በእበት አንዳች ቀዳዳ ሳይተርፍ የተመረገ። ሽታ እንዳይወጣ ነው፣ እንዴት ያሉ ብልህ ሰው ናቸው፣ አልኩ በልቤ።

«ጥሩ ነው፣ አያ ፈንቴ።»

«እንደ ትዛዙ ነው ጌታዬ» አሉኝ፤ ዓይናቸው ግን ወደ ባለቤታቸው ወደ ወይዘሮ ደብሬ ሄደ። እሷ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወደ ጓዳ ገባች።

ቅጹ ላይ «በአገልግሎት ላይ ያለ፣ ክዳኑ በሚገባ የተመረገ፣ ለሌሎች አርአያ የሚሆን መጸዳጃ» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ። ማኅተምም ተመታበት። ሰው በየቀኑ የሚቀመጥበትን ጉድጓድ እንዴት በእበት መርጎ ይዘጋዋል ብሎ የሚጠይቅ አእምሮ ያን ቀን አብሮኝ አልነበረም።

ነሐሴ መጣ። ፍልሰታ በተፈታ ማግስት፣ ረፋድ ላይ፣ አንድ ሰው እያለከለከ ጤና ጣቢያው ደረሰ። «አያ ፈንቴ ጉድጓድ ገብተው ቀሩ!» አለ። ከዚያ የበለጠ ሊናገር አልቻለም። ጭቃውን እየረገጥኩ ሮጥኩ።

ስደርስ መንደሩ ጉድጓዱን ከቦ ይጮሃል። የአያ ፈንቴ ታናሽ ወንድም ጫኔ ገመድ ወገቡ ላይ አስሮ ወንድሙን ሊያወጣ ወርዶ፣ ወዲያው ተዝለፍልፎ፣ በገመዱ ጎትተው አውጥተውት ሣር ላይ ተጋድሞ ያቃስታል። ሌላ ጎልማሳ ደግሞ ያንኑ ገመድ እያሰረ ነው።

«ማንም እንዳይወርድ!» አልኩ።

«ወንድማችን እኮ ከሥር ነው! ወድቆ እያየን እንተወው?»

«ብትወርድ ሁለት ሬሳ ነው የምናወጣው። ጧፍ አምጡልኝ።»

ወይዘሮ ደብሬ ሮጣ ከቤት አመጣች። ለኩሼ በሲባጎ ለቀቅኩት። አንድ ክንድ ተኩል እንኳ ሳይወርድ ነበልባሉ አነሰ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ጠፋ። «ጋኔን አጠፋው!» ብሎ ሕዝቡ ወደ ኋላ ሸሸ። ጋኔን አልነበረም። የታመቀ አየር ነው። ጋቢ አስወልቄ አራቱን ጫፍ በገመድ አስሬ፣ ወደ ጉድጓዱ እየወረወርን ሽቅብ እየሳብን አየሩን ማመስ ጀመርን። በሌላ በኩል የወይራ ቅርንጫፍ እየወረደ ይወጣል። ስንት ጊዜ እንደደጋገምን አላውቅም፤ ክንዴ ዝሎ ነበር። በየመሃሉ ጧፉን እለቃለሁ፤ ይጠፋል። በመጨረሻ እስከ ታች በራ። ገመዱን አስሬ እኔው ወረድኩ።

ከግማሽ በታች ስደርስ ያፈነኝ ሽታ የሽንት ቤት አልነበረም። የጠላ ድፍድፍ የመሰለ፣ ኮምጣጣ ሽታ ነው። እግሬ ያረፈው ገብስ ላይ ነው። አያ ፈንቴ ስልቻቸውን በግማሽ ሞልተው እዚያው ገብሱ ላይ በግንባራቸው ተደፍተዋል። ሞተው ነበር።

ነገሩ ኋላ ሲገባኝ እንዲህ ነው። በዚያች መንደር እህል የሚቀመጠው በጎታ ነው፤ ነቀዝና አይጥ ይጫወቱበታል። እኔ ሳዛቸው ስድስት ክንድ ጉድጓድ ቆፈሩ። መቆፈሩን ቆፈሩ፤ መጠቀሙ ግን ነውር ሆነ። ምራት ከወጣችበት ጉድጓድ አማቷ ሊገባ ነው? እንኳን መቀመጡ፣ እርስ በርስ ወደዚያ ሲሄዱ መተያየቱ ሞት ነው። ሰዉ እንደ ዱሮው ወደ ቁጥቋጦው እየወጣ፣ የደረቀውንና የጸዳውን ጉድጓድ ባዶውን ከማስቀመጥ እያለ እህሉን ከተተበት። መርጎ ሲዘጋው ነቀዙ አየር አጥቶ ያልቃል። ክረምት ሲገባ እርጥበት ሰረገ፣ ከላይ ያለው ገብስ ተብላላ፣ አየሩን በላው። ጉድጓዱ አዲስ ነገር ስለሆነባቸው፣ ከፍቶ ማናፈስ እንደሚገባ የሚያውቅ አልነበረም። የማውቀው እኔ ነበርኩ። እኔ ደግሞ ሽንት ቤት ነው ብዬ አንድ ቃል አላስተማርኩም።

ከቀብሩ በኋላ በሣልስቱ የመንደሩ ሽማግሎች በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተቀመጡ። የተነሳው ነገር ስለ ሟቹ ብቻ አልነበረም፤ ስለ ገብሱም ጭምር ነው። የአያ ፈንቴ ቤተሰብ እስከ ኅዳር የሚበላው እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ያለው ብቻ ነው። መንደሩ ግን እያጉረመረመ ነው። እህልን የሚያህል ክቡር ነገር ሽንት ቤት ከትቶ እግዜር ቀሰፈው፤ ያም ገብስ ርኩስ ነው፤ ማንም ከዚያ ቤት እንዳይቀምስ ይባላል። የተዝካሩን ድግስ እንኳ የሚቀምስ ሰው አይገኝም ማለት ነው።

ያን ዕለት ጠዋት አለቃዬ ጠርቶኝ ነበር። «የፈረምክበትን ወረቀት አትንካ» አለኝ። «ተቆጣጣሪው ሊመጣ ሳምንታት ብቻ ቀርተውታል። ሰውየው የሠሩትን ሠሩ፤ አንተን ምን አገባህ?»

ወይዘሮ ደብሬ ጥቁር ለብሳ ሽማግሎቹ ፊት ቆመች። «አባቶቼ፣ አንድ ቀን አልተቀመጥንበትም። ምራቴ እያለች ፈንቴ እዚያ ይሄዳል? እናንተስ ትሄዳላችሁ? እህል እንጂ ሌላ ነገር ገብቶበት አያውቅም። በመስቀሉ ልማልላችሁ!»

መምሬ አለሙ የደብሩ ቄስ ናቸው፤ ክፉ ሰው አይደሉም። ፊታቸው ላይ ሐዘን ነበር። «ልጄ፣ እኔስ ባምንሽ ደስ ይለኛል። የራበው ሰው ግን ለልጆቹ ሲል ይምላል። ይኸው የመንግሥት ወረቀት በማኅተም ሽንት ቤት ነው ይላል» አሉና ወረቀቱን ይዞ ለመጣው የወረዳው ጸሐፊ ምልክት ሰጡት። እሱም ጽሑፌን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። «በአገልግሎት ላይ ያለ … ለሌሎች አርአያ የሚሆን መጸዳጃ።»

የገዛ ቃሌን እንደዚያ ቀን ጠልቼው አላውቅም። ወይዘሮ ደብሬ ወደ እኔ ዞረች። አልለመነችኝም፤ አየችኝ ብቻ። የቋሚነት ደብዳቤው፣ አለቃዬ፣ ጎንደር ያለችው እናቴ «ልጄ የመንግሥት ሰው ሆነ» ብላ ለጎረቤት ያወራችው ሁሉ ባንድ ጊዜ ፊቴ ላይ መጣ። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር። ለጥቂት ጊዜም ዝም ብዬ ነበር፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም።

ከዚያ ተነሳሁ። «ወረቀቱ ውሸት ነው» አልኩ። «ክዳኑን አላነሳሁም።»

«የእሳቸውን ብቻ ነው ያላነሳኸው?» አሉ መምሬ አለሙ።

«የማንንም አላነሳሁም፣ አባቴ። አያ ፈንቴን የገደላቸው የእግዜር ቁጣ አይደለም። የታመቀ አየር ነው። ጉድጓድ ሲከፈት ምን እንደሚደረግ አውቅ ነበር፤ አልነገርኳቸውም። ካላመናችሁኝ ኑና የሁላችሁንም እናንሳ።»

ሽማግሎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ጉሮሯቸውን ጠራርገው «የእኔን እንኳ ባታነሳው ይሻላል» ሲሉ በዚያ ሐዘን መካከል ሰው ፈገግ አለ። ሄድን። ከቤት ቤት ክዳን አነሳን። ባንዱ ገብስ፣ ባንዱ ባቄላ፣ ባንዱ ጌሾ፣ ክዳኑ ገርበብ ባለ ባንዱ ደግሞ እንቁላል የታቀፈች ዶሮ። የመቀመጥ ምልክት ያለበት ጉድጓድ አንድም አልነበረም። ያ ሁሉ አርአያዬ ጎተራ ነበር። በየጉድጓዱ ጧፍ እያወረድኩ፣ ሲጠፋም ሲበራም እያሳየሁ፣ መጋቢት ላይ ማስተማር የነበረብኝን ያን ቀን አስተማርኩ።

በመጨረሻ የአያ ፈንቴን ገብስ ሽማግሎቹ ፊት አወጣን። አቶ ተድላ በየቤቱ ስለ ገብሱ ሲጠይቁ እፍኝ ይዘው እህሉን የሚመረምሩበትን መንገድ አስታወስኩ። ከላይ ያለው አንድ ስንዝር የሚያህለውና ግድግዳውን የነካው ተጣብቆ፣ ጠቁሮ ሸትቷል፤ ያንን ከብት እንኳ እንዳይቀምሰው ለይቼ አስቀበርኩ። ከመካከል እፍኝ አወጣሁ። ጨበጥኩት፤ አልተጣበቀም። አሸተትኩት፤ ገብስ ገብስ ይላል። በጥርሴ ነከስኩት፤ ቀጭ አለ። መምሬ አለሙም ከእጄ ወስደው ነከሱ። «ንጹሕ ነው» አሉ።

እኔ ግን ንጹሕ አልነበርኩም። አለቃዬ ለሁለት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤና ወደ ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ መዛወሬን የሚገልጽ ወረቀት ባንድ ላይ ሰጠኝ። ቋሚነቱ ከዓመታት በኋላ መጣ። ከአቶ ተድላ ደግሞ በነጋዴ እጅ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ደረሰችኝ። «ሰምቻለሁ። መፈረምን ተምረህ መጥተህ ነበር፤ አሁን ሥራውን ጀመርክ» ትላለች። ሳነብ አለቀስኩ።

ዕቃዬን ጠቅልዬ ሳበቃ የአያ ፈንቴ ተዝካር ደረሰ። እንድሄድ የጠራኝ አልነበረም፤ ሳልሄድ መቅረትም አቃተኝ። ዳሱ ሞልቷል። የገብስ ዳቦው ተቆርሶ በሰፌድ ቀርቧል፤ እጁን የሚዘረጋ ግን የለም። መምሬ አለሙ ባርከዋል፤ የሰው ሆድ ግን እንደ ጆሮው ቶሎ አያምንም። ሁሉም ጎረቤቱን ያያል። ወይዘሮ ደብሬ ከዳሱ በር ላይ አየችኝ። ሰፌዱን አንስታ፣ ሰዉን ሁሉ አልፋ፣ እኔ ፊት አቀረበችው።

የንጽሕና ተቆጣጣሪ ነኝ። ይህን ይበላል፣ ያን አይበላም ማለት ሥራዬ ነው። ቆረስኩና በላሁ። ደግሜ ቆረስኩ። ከዚያ መምሬ አለሙ፣ ከዚያ ሽማግሎቹ፣ ከዚያ ዳሱ በሙሉ እጁን ዘረጋ።

ስወጣ እስከ አጥሩ ሸኘችኝ። ያን ቀን ለባሏ ያበራችውን ጧፍ ግማሽ ላይ አጥፍታ ይዛዋለች። ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» ብላ ጠራችኝ።

«እንካ፣ ልጄ» አለች። «ይቅር ብዬህ አይደለም። ይቅርታውን እግዜር ያውቃል። የእኔን ባል ያላነሳኸው ክዳን ገደለብኝ። የሌላዋን እንዳይገድል ያዘው።»

አርብ ገበያ ከዚያም ሌላ ቦታ ብዙ ዓመት ሠራሁ። ደንቡ አንድ ጉድጓድ ቢልም እኔ ለአማትና ለምራት ሁለት፣ በአጥር የተለያየ እያስቆፈርኩ ከአለቆች ጋር ተጣላሁ። ጉድጓዶቹ ግን አገልግለዋል፤ አይቻለሁ፣ አሽትቻለሁ። ከሰው ደጅ ስደርስ ጀርባዬን ሰጥቼ መቆምም ተማርኩ። ለሥራ የተጠቀምኩበት ጧፍ ቁጥር የለውም፤ ያቺን ግማሽ ግን አንድም ቀን አልለኮስኳትም። ክዳን ማንሳት በታከተኝ ቀን እጄን ኪሴ ከትቼ እዳስሳት ነበር።

ይህን ለባለቤቴ ነግሬ ስጨርስ ጧፉን በጋዜጣው መልሳ ጠቀለለችው፣ ከኪሱ ከተተችው፣ ኮቱንም አጥፋ ወደ ሣጥኑ መለሰችው።

«ለተቸገረው ሰው ወንድሜ ጥሎት የሄደውን ኮት እሰጠዋለሁ» አለች።